ከልጅ ጋር የዓለምን ምግብ ማብሰል፦ በአንድ ሊጥ ሦስት አገር

“ከልጄ ጋር የውጭ ምግብ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?” ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ተከትለውት የሚመጡትም ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው። በስንት ዓመቱ ቢላ ልስጠው? ዕቃው እዚህ ይገኛል ወይ? ልጄ ለምን ቶሎ ይሰለቻል? ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ከመሰልቸቱ ልጀምር። ብዙ ወላጅ ምግቡን የሚመርጠው በፎቶ ነው። ያማረ ሱሺ ወይም ላዛኛ ይመረጣል፤ ከዚያ ወላጅ ይሠራል፣ ልጅ ቆሞ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ስልክ ፍለጋ ይሄዳል። ምግብ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታስቡት “የልጄ እጅ ምን ይሠራበታል?” የሚለውን ይሁን። መጨፍለቅ፣ ማሸት፣ ማድቦልቦል፣ ማጠፍ ያለበት ምግብ ልጅን ይይዘዋል።

ከታች ያሉትን አራት ምግቦች የመረጥኩት በዚህ ነው። የሜክሲኮ ጓካሞሌ (የተጨፈለቀ አቮካዶ) እሳት የለውም፤ እጅ ማሟሻ ነው። የህንድ ቻፓቲ (ስስ ቂጣ)፣ የጣሊያን ፒቺ (ወፍራም ፓስታ) እና የቻይና ጂያውዚ (መሙያ ገብቶበት ታጥፎ የሚቀቀል ሊጥ) ደግሞ ሦስቱም የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከዱቄትና ከውኃ። እርሾ የለ፣ ኦቭን የለ። የልጃችሁ እጅ ይህን አንድ ሊጥ ከለመደ ሦስት አገር ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ፤ አንዱ ላይ የተማረው ለሚቀጥለው ይጠቅመዋል። በአንድ ቀን ከአንድ በላይ አትሞክሩ።

ለሚጾሙ ቤተሰቦች፦ ጓካሞሌ፣ ቻፓቲና ፒቺ የጾም ናቸው። ጂያውዚን ለፍስክ ቀን አቆዩት፣ ወይም ከታች እንዳለው ያለ ሥጋ ሥሩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መክተፊያ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ እርጥብ ጨርቅ
- ለእናንተ ስለታም ቢላ፣ ለልጁ ጫፉ የደነዘ የገበታ ቢላ
- ሊጥ መዳመጫ (ከሌለ ታጥቦ የደረቀ፣ ለስላሳ ጠርሙስ ይሠራል)
- ሁለት ጎድጓዳ ሳህን
- ወፈር ያለ መጥበሻ
- ከ4 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ድስት
- ጭልፋ፣ ቢቻል አንድ የተበሳሳም
- ሦስት ንጹሕ ፎጣ
- የማይንሸራተት በርጩማ
- የኩሽና ሚዛን፤ ከሌለ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ

ሚዛን ካላችሁ ልኬቱን ለልጁ ተዉለት። ቁጥሩ 250 ላይ እስኪደርስ ዱቄት በማንኪያ መጨመር ለስድስት ዓመት ልጅ ትልቅ ሥራ ነው። በኩባያ የምትለኩ ከሆነ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ 250 ሚሊ ሊትር ኩባያ 125 ግራም ያህል ዱቄት ይይዛል።

መጀመሪያ ጥንቃቄው

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ አሠራሩ አትሂዱ።

1. እጅ በሳሙና ለ20 ሰከንድ ይታጠባል። ጥሬ ሥጋ ከተነካ በኋላም እንደገና።

2. በርጩማው ግድግዳ ወይም የኩሽናውን ጠረጴዛ ተደግፎ ይቁም። በሴራሚክ ወለል ላይ የፕላስቲክ ወንበር አታቁሙ፤ ይንሸራተታል።

3. የመጥበሻና የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ወደ ውጭ የወጣ እጀታ የልጅ ክርን ይመታዋል፤ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ ደግሞ ይስበዋል።

4. ቡታጋዝ የሚለኩሰው አዋቂ ብቻ ነው። የፈላ ውኃ የሚያጠልለውም አዋቂ ነው። በእነዚህ ሁለቱ ድርድር የለም፤ ይህንንም ለልጁ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት።

5. ጥሬ ሊጥ አይቀመስም። ዱቄት ደረቅና ንጹሕ ቢመስልም በእሳት ያላለፈ ጥሬ ነገር ነው፤ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ልጆች ሊጥ መቅመስ ስለሚወዱ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ቢላን በተመለከተ ዕድሜን ብቻ አትመልከቱ፤ እጁን ተመልከቱ። በጥቅሉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ያጥባል፣ ቅጠል ይቀነጥሳል፣ ይጨፈልቃል። ከስድስት እስከ ስምንት ያለው በገበታ ቢላ አቮካዶ፣ የተላጠ ሙዝ፣ ሊጥ ይቆርጣል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የታዘዘውን የሚሰማና የማይቸኩል ከሆነ፣ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ ስለታም ቢላ መያዝ ይችላል።

ስለታም ቢላ ሲጀምር የሚማረው የግራ እጁን ነው (ግራኝ ከሆነ የቀኙን)። የሚከተፈውን የሚይዘው እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ የቢላው ጎን የሚነካው የጣቱን አንጓ እንጂ ጥፍሩን አይደለም። በዚህ አያያዝ ቢላው ቢስት እንኳ የጣት ጫፍ አያገኝም። የደነዘ ትልቅ ቢላ “ለልጅ ይሻላል” ብላችሁ አትስጡ። ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ ሽንኩርት ላይ ያዳልጥና እጅ ላይ ያርፋል።

ቃጠሎ ከደረሰ፣ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ ቀጥሉ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ፤ ሙቀቱን አፍነው ያቆዩታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ የሰፋ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ከማቀዝቀዝ በኋላ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንደኛ፦ ጓካሞሌ (ሜክሲኮ)

የሚያስፈልገው፦ የበሰለ አቮካዶ 3፣ ቀይ ሽንኩርት ግማሽ፣ ቲማቲም 1፣ ቃሪያ 1፣ ሎሚ 1፣ የድንብላል ቅጠል ጥቂት (ካልተገኘ ይቅር)፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

1. አቮካዶውን ልጁ ይምረጥ። በመዳፉ ይዞ ቀስ ብሎ ሲጨብጠው በመጠኑ የሚረግብ መሆን አለበት። በአውራ ጣት አይጫነው፤ የተጫነው ቦታ ውስጡ ይጠቁራል። ድንጋይ የሆነ አቮካዶ በምንም አይጨፈለቅም፤ ሁለትና ሦስት ቀን ከሙዝ ጋር አስቀምጡት።

2. ሽንኩርቱን እናንተ አድቅቁና ከጨው ጋር ሙቀጫ ውስጥ ጨምሩት። ልጁ ይውቀጠው። ጨውና ሽንኩርት አብረው ሲወቀጡ ውኃው ይወጣል፤ ጣዕሙ አቮካዶው ውስጥ እኩል ይዳረሳል። ሜክሲኮ ውስጥም በድንጋይ ሙቀጫ ነው የሚሠራው።

3. አቮካዶውን እናንተ ሰንጥቁ፣ ፍሬውንም እናንተ በማንኪያ አውጡ። በመዳፍ ይዞ ፍሬውን በቢላ መምታት ብዙ አዋቂ የተቆረጠበት ነገር ነው፤ ልጅ ፊት አታድርጉት። ሥጋውን በማንኪያ መፋቁ የልጁ ነው።

4. ሎሚውን ልጁ ይጭመቅና አቮካዶው ላይ ያፍስስ። የሎሚው አሲድ ጣዕም ከመስጠቱም በላይ መጥቆሩን ያዘገያል።

5. በሹካ ይጨፍልቅ፤ ግን ትንንሽ ጉብታ ይቅርበት። በብሌንደር አትፍጩት፤ ሕፃን የሚመገበው ገንፎ ዓይነት ይሆናል፣ ለልጁም ሥራ አይተርፈውም።

6. ቲማቲሙን ፍሬውንና ውኃውን አውጥታችሁ ከትፉ። ካላወጣችሁት ጓካሞሌው ውኃ ያዝላል። የድንብላል ቅጠሉን ልጁ በእጁ ይቀንጥስ። ቃሪያውን እናንተ ብቻ ንኩት። ቃሪያ የነካ እጅ ዓይን ከነካ የዚያ ቀን ማብሰል እዚያው ያበቃል።

7. ቅመሱ። ልጁን “ጣፈጠ?” ብላችሁ አትጠይቁት። “ምን ይጨመር? ጨው ወይስ ሎሚ?” በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልጁን መቅመስ ያስተምረዋል።

የአቮካዶውን ፍሬ ጓካሞሌው መሐል ማስቀመጥ ከመጥቆር አያድነውም፤ ፍሬው የሚሸፍነው ከሥሩ ያለችውን ብቻ ነው። ለማቆየት የምግብ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ ልክክ አድርጋችሁ ተጭናችሁ አልብሱት። የሚያጠቁረው አየር ነው።

ሊጡ

ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስቱም በዚህ ይጀምራሉ። መጠኑ ይኸው፦

- ለቻፓቲ፦ ከነፉርሽካው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት 250 ግራም፣ ለብ ያለ ውኃ 160 ሚሊ ሊትር፣ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ለፒቺ፦ ፉርኖ ዱቄት 300 ግራም፣ ለብ ያለ ውኃ 150 ሚሊ ሊትር፣ የወይራ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው አንድ ቁንጥር
- ለጂያውዚ፦ ፉርኖ ዱቄት 300 ግራም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከ150 እስከ 160 ሚሊ ሊትር፣ ጨው አንድ ቁንጥር፣ ያለ ዘይት

የቻፓቲው ውኃ በዛ ያለው ፉርሽካው ብዙ ስለሚመጥ ነው። ጂያውዚ ዘይት የሌለው ደግሞ ዘይት ካለበት ጠርዙ ሲጣበቅ ስለማይጠብቅ ነው፤ ውኃ ውስጥ ይከፈታል።

1. ልጁ ዱቄቱንና ጨውን ይቀላቅል፣ መሐሉን ይጎርጉድ። ዘይት ካለው አሁን ይግባ።

2. ከውኃው ሦስት አራተኛውን ብቻ ጨምሩ። ልጁ በጣቶቹ ይቀላቅል። የቀረውን በማንኪያ በማንኪያ እያያችሁ አክሉ። ዱቄት እንደ ወፍጮው፣ እንደ ዝናቡና እንደ በጋው የሚፈልገው ውኃ ይለያያል። አንዴ የበዛ ውኃ አይወጣም።

3. አሁን ማሸት። በመዳፉ የታችኛው ክፍል ወደ ፊት ይገፋል፣ አጥፎ ይመልሳል፣ ሩብ ያዞረዋል። “ግፋ፣ እጠፍ፣ አዙር” እያላችሁ ምቱን አብራችሁ ያዙ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ልጁ ሲደክመው ተቀበሉትና መልሱለት። መታሸቱ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ግሉተን (ሊጡ እንዲለጠጥ የሚያደርገውን ፕሮቲን) ያያይዘዋል፤ ሳይቀደድ የሚሳሳው በዚህ ነው።

4. ልጁ የጆሮውን ጫፍ ይንካ፣ ከዚያ ሊጡን ይንካ። ሁለቱ ልስላሴያቸው ከተቀራረበ ደርሷል። የፒቺውና የጂያውዚው ትንሽ ጠንከር ይላል።

5. በእርጥብ ፎጣ ወይም በንጹሕ ፌስታል ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ አሳርፉት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ነው “ሊጡ እየተሰበሰበ አስቸገረን” ብሎ የሚጽፍልኝ። ከታሸ በኋላ ግሉተኑ ይወጠራል፤ ስትዳምጡት ወደ ኋላ ይሸሻል። ሲያርፍ ይላላል። በጣት ጫን ሲሉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ አርፏል።

ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወዲያው ዱቄት አትጨምሩ። ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዱቄቱ ውኃውን ሲመጥ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። ከዚያም ካልሆነ ጥቂት ጨምሩ።

ሁለተኛ፦ ቻፓቲ (ህንድ)

ዱቄቱ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ከሆነ ሻካራውን ፉርሽካ በወንፊት አውጡት፤ ስስ ሊጥ ይበሳል። ውጭ አገር ያላችሁ የህንዶች ሱቅ “አታ” የሚባለውን ዱቄት ጠይቁ።

1. ሊጡን ልጁ 8 ቦታ ይክፈለው፣ በመዳፉ መሐል ያድቦልብለው። የማትዳምጡትን ሸፍኑት፤ ቆዳ ካወጣ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል።

2. ድቡልቡሉን ዱቄት አስነክቶ ይጠፍጥፈው፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይዳምጠው፣ በየጊዜው ሩብ ያዙረው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ክብ መሆኑ አያስጨንቃችሁ። እኩል መሳሳቱ ነው ዋናው። ወፈር ያለ ቦታ ካለ እንፋሎቱ እዚያ ይቆምና ቻፓቲው አይነፋም።

3. መጥበሻውን ያለ ዘይት በደንብ አግሉት። ትንሽ ዱቄት ጣል ስታደርጉበት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ቀዝቀዝ ባለ መጥበሻ ላይ ቻፓቲ ሳይበስል ይደርቅና እንደ ቆዳ ይጠነክራል።

4. ትርፍ ዱቄቱን አራግፋችሁ ጣሉት። ፊቱ ላይ ትንንሽ ኩፍታ ሲታይ፣ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ባለው ጊዜ፣ ገልብጡት። እንጀራ ስለማይገለበጥ ልጆች እዚህ ጋ ይገረማሉ።

5. ሁለተኛው ጎን ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ እንደገና ገልብጡና በታጠፈ ንጹሕ ፎጣ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ሁለቱን ገጽ ይለያያቸዋል፤ ቻፓቲው ኳስ ሆኖ ይነሣል። እዚህ ጋ ኩሽናው በጩኸት ይሞላል። ልጁ ክንድ ሙሉ ርቆ ይይ። የተነፋውን ወዲያው አይቅደደው፤ የሚወጣው እንፋሎት ያቃጥላል።

6. የወጣውን በፎጣ ጠቅልሉ። በራሱ እንፋሎት ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል።

መገልበጡን ለልጅ መቼ እንስጥ ለምትሉ፦ መጥበሻው ላይ ሳይንጠራራ ቁልቁል የሚያይ ቁመት ሲኖረው፣ በረጅም ማንኪያ። እስከዚያ መዳመጡ የእሱ፣ እሳቱ የእናንተ።

አልነፋ ካለ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ መጥበሻው አልጋለም፣ ሊጡ ተበስቷል፣ ወይም ውፍረቱ እኩል አይደለም። ያልተነፋውም ይበላል፤ ባለፈው የተማራችሁት ጓካሞሌ ዛሬ እንደ አዲስ ተሠርቶ በዚህ ቢጠቀለል በጣም ይጥማል።

ሦስተኛ፦ ፒቺ (ጣሊያን)

ፒቺ በቶስካና፣ በተለይ በሲዬና አካባቢ የሚሠራ በእጅ የሚድቦለቦል ወፍራም ፓስታ ነው። እንቁላል የለው፣ ማሽን አይፈልግ። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ፓስታ አላውቅም።

1. ያረፈውን ሊጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ጠፍጥፉ። ልጁ በገበታ ቢላ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘንጎች ይቁረጠው።

2. አንዱን ዘንግ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከመሐል ወደ ዳር በሁለት መዳፉ እያንከባለለ ያስረዝመው። ሲጨርስ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ሲቀቀል ያብጣል።

3. ጠረጴዛው ላይ ዱቄት አትነስንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዱቄት ካለ ሊጡ ይንሸራተታል እንጂ አይንከባለልም። ደርቆ እምቢ ካለ ልጁ መዳፉን በውኃ ትንሽ ያርጥብ።

4. ያለቀውን ግን ብዙ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ አራርቃችሁ ዘርጉት። ከተደራረበ ተመልሶ ሊጥ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ልፋት ሲጠፋ ልጁ ማልቀሱ አይቀርም።

5. ለስጎው፦ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት በአነስተኛ እሳት አብስሉ፤ ከቀላ ይመራል። አራት የበሰለ ቲማቲም ልጁ በእጁ ጨፍልቆ ይስጣችሁ። ጨው ጨምራችሁ 20 ደቂቃ አንተክትኩት።

6. ለአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ጨው (ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ) ጨምሩና በደንብ ሲፈላ ፓስታውን ጣሉ። ወዲያው አማስሉት፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ነው የሚጣበቀው።

7. ከ5 ደቂቃ በኋላ አንዱን አውጥታችሁ ቁረጡ። መሐሉ ላይ ነጭ ጥሬ ካለ ቀጥሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ በ100 ዲግሪ ገደማ ታፈላላችሁ። ስለዚህ የውጭ አሠራር ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ አትመኑት፤ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። እሳት መጨመር ውኃውን የበለጠ አያግለውም።

8. ከመቀቀያው ውኃ ግማሽ ኩባያ አስቀሩ፣ ፓስታውን ከስጎው ጋር አዋሕዱና ከውኃው ጨምሩ። ውኃው የያዘው ስታርች ስጎውን ከፓስታው ጋር ያጣብቀዋል።

የጾም ከሆነ ቺዝ አያስፈልግም። የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በወይራ ዘይት ቡናማ እስኪሆን አመስ አድርጋችሁ ነስንሱበት፤ ቶስካናዎችም ፒቺን በፍርፋሪ ይበላሉ።

አራተኛ፦ ጂያውዚ (ቻይና)

ሰሜን ቻይና ውስጥ ለአዲስ ዓመት ቤተሰብ ጠረጴዛ ከቦ የሚያጥፈው ይህን ነው። የሰው ብዛት የሚጠቅም ምግብ ስለሆነ አያትም ጎረቤትም ይምጣ። ጊዜም ይፈልጋል፤ ቅዳሜ ከሰዓትን ስጡት።

ለመሙያው፦ የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ 250 ግራም፣ ጥቅል ጎመን 250 ግራም፣ ባሮ ሽንኩርት 1፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሶያ ሶስ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የሰሊጥ ወይም ሌላ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው። ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይሠራል፤ የቻይና ሙስሊሞች ግን በበሬና በበግ ስለሚሠሩት የእኛ ምርጫም ከአገሩ የወጣ አይደለም። ያለ ሥጋ ከሆነ ጎመን፣ ካሮትና እንጉዳይ አድቅቃችሁ በዘይት አመስ አመስ አድርጉና አቀዝቅዙት።

1. ሊጡ አርፎ እያለ ጎመኑን አድቅቁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱና 15 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ልጁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በሙሉ ጉልበቱ ይጭመቀው። የሚወጣውን ውኃ ብርጭቆ ውስጥ አጠራቅሙለት፤ ብዛቱን ሲያይ ይገረማል። ይህ ውኃ ውስጥ ቢቀር ሊጡን አርጥቦ ይቀደው ነበር።

2. ሥጋውን ከሶያ ሶሱና ከዝንጅብሉ ጋር በአንድ አቅጣጫ ብቻ አማስሉ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ አንድ በአንድ ጨምሩ፤ አንዱ ሳይመጠጥ ሌላው አይግባ። ሥጋው ሳህኑ ላይ መጣበቅ ሲጀምር ይበቃል። እንዲህ የተማሰለ ሥጋ ሲበስል አይፈረፈርም፣ መረቁንም ይይዛል። ጎመኑ፣ ባሮ ሽንኩርቱና ዘይቱ በመጨረሻ ይግቡ። ጎመኑ ጨው ስላለበት ጨው ስትጨምሩ ቆጥባችሁ ነው። ጥሬውን አትቅመሱ፤ ትንሽ መጥበሻ ላይ ጠብሳችሁ ቅመሱ።

3. ሊጡን በአራት ከፍላችሁ አንዱን ብቻ አውጡ። 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ዳምጡት። ልጁ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ያውጣ። 8 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ይበቃል። ትርፉን ሰብስባችሁ ሸፍናችሁ አሳርፉት፤ እንደገና ይዳመጣል።

4. ክቡን መዳፉ ላይ ያስቀምጥ፣ መሐሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ መሙያ ያድርግ። ልጅ ሁሉ አብዝቶ ይሞላል። አትከልክሉት፤ አንዱን ሞልቶ ለመዝጋት ይሞክር። ጠርዙ አልገጥም ሲለው ሁለተኛውን ራሱ ይቀንሳል።

5. አጥፎ ግማሽ ጨረቃ ያድርገው። መጀመሪያ መሐሉን ይቆንጥጥ፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ግራ፣ ከመሐል ወደ ቀኝ እየቆነጠጠ ይዝጋ። ከአንድ ጫፍ ከጀመረ አየሩ ሌላው ጫፍ ላይ ይታፈናል፤ የታፈነ አየር ሲሞቅ ሊጡን ያፈነዳዋል። ጠርዙ ላይ መሙያ ወይም ዘይት ከነካ አይጣበቅም፤ ጠርጉት። ከደረቀ በጣት ውኃ አስነኩት። ውብ ሽንሽን ለማውጣት አታስጨንቁት፤ በደንብ መዘጋቱ ይበቃል። የተጣመመውንም ከእጁ ወስዳችሁ አታስተካክሉ። ድስቱ ውስጥ የሚከፈት ከመሰላችሁ “እዚህ ጋ አንድ ጊዜ ቆንጥጥ” ብላችሁ አሳዩት።

6. ትልቁ ድስት ውስጥ ውኃ አፍሉ። ከ15 በላይ አንድ ላይ አትጨምሩ። እንደገቡ በጭልፋ ጀርባ ወለሉን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ሥር ላይ ከተጣበቁ ይቀደዳሉ።

7. ሲፈላ ግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ። እንደገና ሲፈላ ድገሙ፤ ሦስት ጊዜ። ቀዝቃዛው ውኃ መንተክተኩን ያበርደዋል፤ ልባሱ ሳይፈነዳ ውስጡ የሚበስልበት ጊዜ ያገኛል። ጭማሪዎቹን መቁጠር የልጁ ሥራ ነው፤ ርቆ ቆሞ “አንድ! ሁለት!” ይበል።

8. ከሦስተኛው በኋላ ሲፈሉና ሆዳቸው ተነፍቶ ሲንሳፈፉ አንዱን አውጥታችሁ መሐሉን ሰንጥቁ። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሐሉ 71 ዲግሪ ይድረስ። ከሌላችሁ ሥጋው ቀይ የሌለበት፣ እስከ መሐሉ የጠነከረ መሆን አለበት። ጥርጣሬ ካላችሁ፣ በተለይ ከፍታ ቦታ ያላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ማጥቀሻው ቀላል ነው፤ ሁለት እጅ ሶያ ሶስ፣ አንድ እጅ አቼቶ፣ ትንሽ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት። ለልጁ የራሱን ትንሽ ሳህን ስጡት፤ ራሱ የሠራውን ከሳህኑ መርጦ ያወጣል። ከመንከሱ በፊት ይቀዝቅዝለት፤ ላዩ ቀዝቅዞም ውስጡ ያለው መረቅ ያቃጥላል።

ሥጋ የነካውን መክተፊያ፣ ሳህንና ማንኪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ጥሬ ጂያውዚ የተቀመጠበት ትሪ ላይ የበሰለው አይመለስ።

ከዚህ ልክ 40 ያህል ይወጣል፤ ሁሉን በአንድ ቀን አትቀቅሉ። ያልተቀቀለውን ዱቄት በተነሰነሰ ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድራችሁ ፍሪዘር አስገቡ። ድንጋይ ሲሆን በፌስታል አድርጉት። ስትፈልጉ ሳታቀልጡ ከነበረዶው የፈላ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ከቀለጠ ልባሱ ይረጥብና ይበተናል። ከሦስቱ ዙር ላይ አንድ ተጨማሪ ዙር ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩለት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠና አሁንም ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ያህል ቀዝቃዛ ከሆነ የዚያኑ ቀን ቀቅሉት፤ ሙቀት ከነካው ጣሉት።